አንድ ጫማ ለአለትም ለአስፋልትም? ስለ ቀላል አፕሮች ጫማ የተደረገ ረጅም ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄውን የከፈተው ሰው ነገሩን አላንዛዛውም። ቅዳሜና እሁድ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ይጓዛል። አልፎ አልፎ በእጁም እየያዘ የሚወጣበት ቦታ ያጋጥመዋል። በሌሎቹ ቀናት ሥራ ይሄዳል፣ ብዙውን ጊዜ በጂንስ። የሩጫ ጫማው አለት ላይ ያንሸራትተዋል፤ ሹል ጠጠርም ከሥር ይወጋዋል። ከባድ ቡትስ ደግሞ ያደክመዋል። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን ቀለል ያለ የወንድ አፕሮች ጫማ ይፈልጋል። ውሃ የማያስገባው ይሻል እንደሆነም ጠይቋል። እግሩ ሰፋ ያለ መሆኑን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጣል አድርጓታል።

ይህን ክር፣ ማለትም ጥያቄውንና ተከታታይ መልሶቹን፣ የምተርክላችሁ ብዙ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ስለሚዞር ነው። ጥሩው መልስ ደግሞ በብዙ ሰው መሃል ተበታትኖ ቀርቷል። ፈልፍሎ ማውጣት ያስፈልጋል።

መልስ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ነው። ጠያቂውን በወጉ ተቀብሎ አፕሮች ጫማ ምን እንደሆነ ከሥሩ አስረዳ። አለት የሚወጡ ሰዎች ከመንገዱ ተነስተው አለቱ ሥር እስኪደርሱ የሚያደርጉት ጫማ ነው። መውጫ ጫማቸው ጣት ስለሚያጣብቅ ለእግር መንገድ አይሆንም። ቡትስ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ እግር የረገጠውን አይለይም። አፕሮች ጫማ በሁለቱ መሃል የመጣ ነው። መለያዎቹንም ቆጠረለት፦ ድንጋይ የሚይዝ ለስለስ ያለ የጎማ ሶል፣ ከጫማው ጫፍ ሥር ጥርስ የሌለው ጠፍጣፋ ቦታ፣ ጣቶቹን ዙሪያውን የሚከልል የጎማ ጠርዝ፣ እስከ ጣቶቹ አጠገብ የሚወርድ ማሰሪያ።

ያ ጠፍጣፋ ቦታ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ሰው ጠባብ የአለት ጠርዝ ላይ በጫማው ጫፍ ሲቆም ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። እዚያ ላይ ረጃጅም ጥርስ ቢኖር ጥርሱ ይታጠፍና እግር ይከዳል። መላሹ ይህን ሁሉ በትክክል አስረድቶ ሲያበቃ፣ ይህን ዓይነት ጫማ የጀመሩት ጣሊያኖች እንደሆኑ ጨምሮ ዘጋ። እቺ አንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ጣጣ አመጣች።

መልስ 2 እና 3፦ ሁለቱም አንድ አንድ መስመር ናቸው። አንዱ የላ ስፖርቲቫን ቲኤክስ4 ግዛ ይላል፣ ሌላው የስካርፓን ሞጂቶ። ምክንያት የላቸውም። ሁለቱም የታወቁ ጫማዎች ናቸው። የመጀመሪያው ለአለት ያደላል፤ ሁለተኛው ካሞሽ ነው፣ ከጂንስ ጋር አብሮ ለመዋል ያደላል። ግን እግሬ ሰፊ ነው ላለ ሰው ስም ብቻ መወርወር ምን ይሠራለታል? ለአንዱ ሰው እግር ልክ የሆነ ፎርማ፣ ማለትም ጫማው የተሠራበት ቅርጽ፣ የሌላውን ሰው እግር ቀኑን ሙሉ ሲያሰቃይ ይውላል።

መልስ 4፦ ይህኛው የመጣው አንደኛውን ሊያርም ነው። ከታወቁት የመጀመሪያ አፕሮች ጫማዎች አንዱ ፋይቭ ቴን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሠራው ፋይቭ ቴኒ እንደሆነ ጻፈ። ድርጅቱን ቻርለስ ኮል የተባለ አለት ወጪ እ.ኤ.አ. በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ መሠረተው። ስቴልዝ የተባለው ጎማቸው አለት ላይ በመያዝ ስም አወጣ። በ2011 አዲዳስ ድርጅቱን ገዛው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

ግን ይህ ሰው ለጣሊያኖቹም ድርሻቸውን አልነፈጋቸውም። ወደ ቪታሌ ብራማኒ ታሪክ ተሻገረ። ብራማኒ የሚላኖ ተራራ ወጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ጓደኞቹ አልፕስ ተራራ ላይ ሞቱ። ለአደጋው በከፊል ጫማቸው ተወቅሷል። በዚያን ዘመን የተራራ ጫማ ማለት ከሥሩ ሚስማር የተመታበት የቆዳ ሶል ነው። ብራማኒ ከዚያ በኋላ ድንጋይም በረዶም ላይ የሚይዝ የጎማ ሶል ሲፈልግ ቆየ። ጎማ ሠሪው ፒሬሊ አገዘውና በ1937 ጥርሳሙን የቪብራም ሶል አወጣ። በ1954 ኬ2 የተባለው ተራራ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሱት ጣሊያናውያን ቡትስ ሶሉ ቪብራም ነበር። ዛሬ ያ ቢጫ ስምንት ማዕዘን ምልክት በስንት ዓይነት ጫማ ሥር ይገኛል።

ጠያቂው የጫማ ታሪክ አልጠየቀም፣ እውነት ነው። ቢሆንም ይህ መልስ አንድ ነገር ያስታውሳል። የዚህ ሁሉ ጫማ ጉዳይ መነሻው ሶሉ ይይዛል ወይስ ይከዳል የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መልስ 5፦ ታሪኩን ለሌላ ቀን አቆዩት፣ ሰውዬው ጫማ ነው የፈለገው ይላል። ድምፁ መክረር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 6፦ ለእኔ የክሩ እምብርት ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው አፕሮች ጫማ ገዝቶ በየቀኑ ሥራ እየሄደበት ኖረ። የማንን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም ባልናገረ ጥሩ አደረገ እላለሁ፣ ጥፋቱ የአንድ ድርጅት አይደለምና። ወራት ሳይቆጠሩ ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቶ ዘመመ። ከጫፉ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ቦታ ሳስቶ ከሥሩ ያለው የሌላ ቀለም ንጣፍ ብቅ አለ። አለት ላይ ግን ጫማውን ያደረገው ከስንት አንዴ ነበር።

ምክንያቱን በደንብ አስቀምጦታል። ለስላሳ ጎማ አለት ላይ የሚይዘው በድንጋዩ ጥቃቅን ጎርበጥባጣ ውስጥ ስለሚገባ ነው። አስፋልትም ጎርበጥባጣ ነው። እዚያ ላይ ግን ሰው ጠርዝ ፈልጎ በጥንቃቄ አይረግጥም፤ ተረከዙን እየጎተተ በሺህ የሚቆጠር እርምጃ ይራመዳል። ጎማው እንደ ላጲስ እየተፈገፈገ ያልቃል። ለአለት የተከፈለበት ነገር አስፋልት ላይ ይቀራል ማለት ነው።

መልስ 7፦ ይህን አልተቀበለም። የእርሱ አፕሮች ጫማ ዓመታት እንደቆየና ስድስተኛው አረማመዱን ቢያስተካክል እንደሚሻል ጻፈ። በዚህ ጊዜ ወንድሜ የሚለው መጠሪያ አሁንም አለ፣ ግን ቀዝቅዟል።

መልስ 8፦ አስተዋይ ሴት ናት። ሁለቱም እውነት ሊሆን እንደሚችል አሳየች። ሰባተኛው ቀኑን የሚያሳልፈው የት ነው? ምንጣፍና ሴራሚክ ላይ ከሆነ ጎማው ቢቆይ አይገርምም። ጎማ ሁሉም አንድ አይደለም፤ ቪብራም ብቻውን እንኳ በርካታ ዓይነት ቅልቅል አለው። ሜጋግሪፕ የሚባለው ለምሳሌ መያዝንም መቆየትንም ለማስታረቅ የተሠራ ነው። የሰው ክብደትም አረማመድም ይለያያል። ስለዚህ ሶሉ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ጥያቄ ጫማውን ብቻ በማየት አይመለስም። ሰባተኛው መልስ አልሰጠም። በኋላ ግን ቢሮ ውስጥ እንደሚውል ከሌላ ጽሑፉ ታወቀ።

መልስ 9፦ እኚህ ሰው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ጫማ ጠጋኝ ናቸው። አጻጻፋቸውም ያስታውቃል፤ ሁሉንም ልጆቼ እያሉ ነው የሚጠሩት። ስም አልጠሩም። ጫማ በእጅ እንዴት እንደሚታይ አስተማሩ።

በመጀመሪያ ጫማውን ጫፉንና ተረከዙን ይዞ ማጠፍ ነው። መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ከሚጀምሩበት፣ እግር ራሱ ከሚታጠፍበት ላይ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት እጥፍ ካለ ድንጋይ ላይ እግርን አይደግፍም። ቀጥሎ እንደ እርጥብ ልብስ መጠምዘዝ። ትንሽ መጠምዘዙ አይከፋም፤ ያለ ጉልበት ከዞረ ግን ለሻካራ መንገድ አይሆንም። ከዚያ በጣት ከጠርዙ በላይ ያለውን መጋጠሚያ ዞሮ ዞሮ መዳሰስ። የጎማው ጠርዝ ከላይኛው ቆዳ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ማስቲሹ ከሳሳ መላቀቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በተለይ ጣቶች ሲታጠፉ የሚጨማደደው ጎን መታየት አለበት።

ስለ መሃለኛው ሶልም ነገሩን። ቀላል ጫማ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ኢቪኤ የተባለው አረፋ ነው። ይመቻል፣ ይቀላል፣ ግን በጊዜ ብዛት ይጨፈለቅና ተመልሶ አይነሳም። ፖሊዩሬቴን የተባለው ሌላው አረፋ ከበድ ይላል፤ ለረጅም ጊዜ ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል። እርሱም የራሱ በሽታ አለው። ሳይደረግ ለዓመታት ከተቀመጠ እርጥበት ውስጡን ያፈርሰዋል። ደንበኛ በካርቶን ውስጥ አቆይቶ ያመጣላቸውን ጫማ ገልጸውታል። ከላይ ቆዳው አዲስ ነው፣ ክሩ አልቆሸሸም። በአውራ ጣታቸው ጎኑን ጫን ሲሉት ግን መሃለኛው ሶል ፍርፍር እያለ ወለሉ ላይ ረገፈ። ባለቤቱ ማመን አቅቶት ሌላኛውንም ጫማ አንስቶ ራሱ ተጫነው፤ እሱም ፈረሰ። ስለዚህ ቅናሽ ተገኘ ተብሎ የቆየ ጫማ ገዝቶ ማስቀመጥ አያዋጣም ብለዋል። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህንን ነው።

መልስ 10፦ ለእርሳቸው ምስጋና አቅርቦ ውሃ ስለማያስገባው ጫማ ጠየቀ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 11፦ ጎር-ቴክስ የተባለው ውሃ የማያስገባ ንጣፍ የሌለው ጫማ መግዛት ሞኝነት እንደሆነ በእርግጠኝነት ጻፈ።

መልስ 12፦ በተቃራኒው። ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 ፒቲኤፍኢ የተባለውን ፕላስቲክ በፍጥነት ሲስበው ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስስ ነገር ማግኘቱን፣ ጎር-ቴክስ በ1976 ገበያ ላይ መዋሉን አስታወሰ። ቀዳዳዎቹ የውሃ ጠብታ አያስገቡም፣ የላብ እንፋሎት ግን ያስወጣሉ። ችግሩ እንፋሎት እንዲወጣ ውስጡ ከውጭው የበለጠ የሞቀና የረጠበ መሆን አለበት። ውጭው ራሱ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን የሚወጣው ያንሳል፤ እግር በራሱ ላብ ይዘፈቃል። ሌላው ደግሞ ይህ አጭር ጫማ ነው። ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሆነ በአፉ ይገባል። አንዴ ከገባ በኋላ ያ የማያስገባው ንጣፍ አላስወጣም ይላል፤ ጫማው ለመድረቅ ከተራው መረብ ጫማ ይልቅ ብዙ ይቆያል።

መልስ 13 እና 14፦ አስራ አንደኛው ተመልሶ መጣ። አስራ ሁለተኛው ብርድ አይቶ እንደማያውቅና ከመጽሐፍ እንደሚያወራ ጻፈ። አስራ ሁለተኛውም አልቀረለትም፤ እሱ በጭቃ ውስጥ ሲሄድ ሌላው ሱቅ ውስጥ ምልክት ሲያነብ እንደነበር መለሰ። ወንድሜ ቀረ። ስማ በሚል ተተካ። ሁለቱም ስለ ጠያቂው ረሱት።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከአስራ ሁለተኛው ጋር ነኝ፣ ስድቡን ሳይጨምር። በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ እርጥብ ሣር ውስጥ ለሚውል ሰው ውሃ የማያስገባው ጫማ ዋጋ አለው። ጠያቂው ግን በየቀኑ ሥራ የሚሄድበትን ጫማ ነው የጠየቀው። ጠዋት አድርጎት ማታ የሚያወልቀውን። እንዲህ ላለ ሰው አየር የሚያስገባና ቶሎ የሚደርቅ ይሻለዋል።

መልስ 15፦ ስምንተኛዋ ተመለሰች። ሁለቱን ሳትሰድብ አስቆመቻቸው። ጠያቂውን በቀጥታ አንድ ነገር ጠየቀችው፦ በሳምንት ውስጥ እግርህ ስንት ሰዓት አስፋልት ላይ፣ ስንት ሰዓት አፈር ላይ፣ ስንት ሰዓት አለት ላይ ነው? እስከዚያ ድረስ ይህን የጠየቀ አልነበረም። እኔም ክሩ ከመጀመሪያው በዚህ ቢጀምር ብዬ ተመኘሁ።

ክብደትንም ያነሳችው እሷ ናት። እግር ላይ ያለ ክብደት ወገብና ጀርባ ላይ ካለ ክብደት በብዙ እጥፍ ይበልጥ እንደሚያደክም ከቀድሞም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሶውልና ጎልድማን የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ እግር ላይ የታሰረ ክብደት ያንኑ ያህል የሰውነት ክብደት ከሚጠይቀው እንደ እርምጃው ፍጥነት ከ4 እስከ 6 እጥፍ ገደማ ጉልበት ጠይቋል። እሷ ደግሞ ሒሳቡን ሠራችለት። ቀላል ጫማ አንዱ 300 ግራም ቢሆን፣ ቡትስ አንዱ 700 ግራም ቢሆን፣ ልዩነቱ 400 ግራም ነው። በ10,000 እርምጃ አንዱ እግር 5,000 ጊዜ ይነሳል። 5,000 ጊዜ 400 ግራም 2,000 ኪሎ ይሆናል። ይህ በአንድ እግር ብቻ ነው።

መልስ 16፦ ታዲያ ቁርጭምጭሚትስ? ወለም ሲል ማን ይደግፈዋል? አጭር ጫማ አድርጎ ኮረብታ የሚወጣ ሰው እብድ ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 17፦ ይህኛው በተረጋጋ ቃል መለሰለት። የጫማ ቁመት ቁርጭምጭሚትን ከጠጠርና ከእሾህ ይጋርዳል። ወለምታን የሚመክተው ግን በአብዛኛው ጡንቻውና ሚዛኑ ነው። በአንድ እግር ቆሞ ጥርስ መቦረሽ እንኳ ይጠቅማል። በፊት ወለም ብሎት የሚያውቅ ወይም ከባድ ሻንጣ የሚሸከም ሰው ግን ከፍ ያለ ጫማ ቢመርጥ አይሳሳትም። ጠያቂው ቀለል ያለ የቀን ጉዞ ነው ያለው። አስራ ስድስተኛው ይህን አንብቦ አውራ ጣቱን ብቻ አነሳ። በዚህ ክር ውስጥ ክርክር በሰላም ያለቀው እዚህ ብቻ ነው።

መልስ 18፦ በመጨረሻ የጠያቂውን ሰፊ እግር ያስታወሰ ሰው ተገኘ። ረጅም ጽፏል፤ ይገባዋልም።

ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምበት ያብጣል። የሚለካውም በሚጓዙበት ካልሲ ነው። ሱቅ ውስጥ በስስ ካልሲ ልክ የሆነው፣ ወፈር ያለው ሲደረግ ይጨንቃል። ካልሲውም ጥጥ ባይሆን ይመረጣል። ጥጥ ላቡን ይዞ ስለሚቆይ ቆዳ ይርስና ይፈገፈጋል፣ ከዚያ እግር ውሃ ይቋጥራል። ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ክር ይሻላል።

ከዚያ ቀላሏን ዘዴ ነገረን። የውስጡን ሶል ከጫማው አውጥቶ መሬት ላይ ማንጠፍ፣ ተረከዝን ከኋላ ጠርዙ ጋር አስተካክሎ በሙሉ ክብደት መቆም። ትንሿ ጣት ከሶሉ ጠርዝ ወጥታ መሬት ከነካች ያ ፎርማ ጠባብ ነው። በማሰሪያ ማላላት አያስተካክለውም። ከረጅሙ ጣት ፊት ደግሞ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መኖር አለበት። ረጅሙ ጣት የግድ አውራው አይደለም፤ ብዙ ሰው ላይ ሁለተኛው ይበልጣል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጨምሯል፣ እኔም በጣም የምስማማበት። አለት የሚወጡ ሰዎች አፕሮች ጫማቸውን ጠበቅ አድርገው ይገዛሉ። ጠርዝ ላይ ሲቆሙ እግር ውስጥ እንዳይንሸራተት ነው። ብዙ የሚሄድ ሰው ይህን መከተል የለበትም። ቁልቁለት ላይ ጣቶቹ ከጫፉ ጋር እየተጋጩ ጥፍሩ ይጠቁራል። ስለዚህ ሲለካ ዘንበል ያለ ቦታ ላይ ወደ ታች ቆሞ መርገጥ ነው። ጣት ከፊት ከነካ ቁጥሩ አንሷል። ተረከዝ ከኋላ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ማሰሪያውን መሞከር ነው፦ ክሩን በመጨረሻው ቀዳዳ በዚያው በኩል አስገብቶ ትንሽ ቀለበት መሥራት፣ የሌላውን ወገን ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፎ ወደ ኋላና ወደ ታች መሳብ። ቁርጭምጭሚቱ ጋ ያዝ ያደርጋል፣ ከፊት ግን አያጠብቅም። ይህም ካልሠራ ጫማው ያንተ አይደለም፣ አስቀምጠው ይላል።

መልስ 19 እስከ 22፦ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ ብርቱካናማ ማሰሪያ ያለው ጫማ ቢሮ ይገባል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላዋ ማሰሪያውን በጥቁር መቀየር እንደሚቻል መለሰች፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ከባድም አይደለም። ሦስተኛው ውሻው አዲሱን ጫማውን እንዴት እንዳኘከበት ተረከ፣ በዝርዝር። አራተኛው ስለ ሽታ አነሳ። የውስጡን ሶል በየማታው አውጥቶ ማናፈስ፣ ጫማውን በማሞቂያ አጠገብ ወይም በቀጥታ ፀሐይ ላይ አለማድረቅ። ሙቀት ማስቲሹን ስለሚያላላ ይህን የጫማ ጠጋኙም ተመልሰው አጽድቀውታል።

መልስ 23፦ ጠያቂው ብቅ አለ። የስምንተኛዋን ጥያቄ አስቦበት ነበር። በሳምንት አምስት ቀን አስፋልትና ንጣፍ ላይ ነው። ጉዞው በአብዛኛው አፈርና ጠጠር ሲሆን በእጁ የሚይዝበት አለት የሚያጋጥመው ጥቂት ደቂቃ ነው። ገመድ ይዞ ወጥቶ አያውቅም፣ ሐሳቡም የለውም። ስለዚህ ጫፉ ጠጠር የሚከላከል፣ ሶሉ ጠንከር ያለ ጎማ የሆነ፣ ለአለት ብቻ ያልተሠራ ቀላል የጉዞ ጫማና አንድ የአፕሮች ጫማ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ሊለካ መወሰኑን ጻፈ። ለአፕሮቹ የመረጠው ለስላሳውን ሳይሆን መቆየትን ያስቀደመውን ጎማ ነው።

መልስ 24፦ ታዲያ አፕሮች ጫማ ካልፈለክ ሁላችንንም ለምን አደከምክ የሚል ቁጣ ነው። ይህን መልስ ፈጽሞ አልወደድኩትም። ሰው ጥያቄ የሚጠይቀው ሐሳቡን ለመለወጥ ጭምር ነው። ጠያቂው ሌሎች የነገሩትን ሰምቶ የራሱን እግርና የራሱን መንገድ አይቶ አሰበ። ከዚህ የተሻለ ምን ይጠበቃል? አፕሮች ጫማ ድንቅ ነገር ነው፣ በእጁ አለት ለሚይዝ ሰው። አለት ላይ ለማይውል ግን ያ ሁሉ ጎማ አስፋልት ላይ ያልቃል።

መልስ 25፦ ጥንድ ጫማ ያለው ሰው ቢያፈራርቃቸው ሁለቱም ይቆያሉ አለ። ገበሩ ይደርቃል፣ የተጨፈለቀው አረፋም ፋታ ያገኛል። አጭርና ጠቃሚ።

መልስ 26፦ ሶሉ ያለቀ ጫማ ይጣል ወይስ ይቀየርለት የሚል ጥያቄ መጣ።

መልስ 27፦ የጫማ ጠጋኙ መለሱ። ብዙ አፕሮች ጫማ ሶሉ ይቀየራል፤ ከላይ ቆዳው ደህና ከሆነ መጣሉ ያሳዝናል ብለዋል። ግን ሰው የሚያመጣላቸው ሲዘገይ ነው። ጎማው ሙሉ በሙሉ አልቆ መሃለኛው ሶል ከተበላ ሥራው ይበዛል፣ አንዳንዴም አይሆንም። የጣቱ ጎማ ጠርዝ ከተቀደደ ደግሞ ያንንም መቀየር ይመጣል። በሳምንት አንዴ ጫማውን ገልብጦ ማየት ይበቃል። ከጫፉ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ቦታ ሲሳሳ፣ ወይም የተረከዙ ጥርሶች ከመሃሉ ጋር እኩል ሲሆኑ፣ ያኔ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ነው። አንዱ ተከትሎ ተረከዙ ብቻ ቢበላስ ብሎ ጠየቃቸው። ያን ጊዜ ተረከዙን ብቻ ቆርጦ መተካት እንደሚቻል፣ ጫማውን ግን ታጥቦና ደርቆ እንዲያመጡላቸው፣ ጭቃ ያለበት ላይ ማስቲሽ እንደማይዝ ጻፉ።